«ጃንደረባው» በጎንደር መድረክ፤ ማን የማንን ድርሻ ይጫወት?



ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በምግብ አዳራሹም በቤተ መጻሕፍቱም ደጃፍ የሚያጋጥመን ጥያቄ አንድ ነው፤ «በዚያ በሮማው ኮሜዲ ውስጥ ለእኔ የሚሆን ድርሻ ይገኝ ይሆን?» የሚል። ድርሻስ ሞልቷል። ነገር ግን ማን ምን ይጫወት የሚለው ጉዳይ ከጠበቅነው በላይ አከራካሪ ስለ ሆነብን፣ ክርክሩን በራችንን ዘግተን ከምንጨርሰው ከናንተ ፊት ማቅረቡን መርጠናል።

ድርሰቱ የቴሬንስ «ጃንደረባው» ነው። ስሙን የሰማ የጎንደር ሰው ወዲያው የህንደኬን ባለሟልና የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ማሰቡ አይቀርም፤ እሱ አይደለም። የደራሲው ሙሉ ስም ፑብሊዩስ ቴሬንቲዩስ አፌር ሲሆን፣ «አፌር» ማለት የአፍሪቃ ሰው ማለት ነው። ታሪኩን የጻፈው ስዌቶኒዩስ እንደሚለው፣ በካርታጎ ተወልዶ፣ በሮማ ለአንድ የሸንጎ አባል ባሪያ ከሆነ በኋላ በተሰጥዎው ነጻ የወጣ ሰው ነው። የጻፋቸው ስድስት ኮሜዲዎች ሁሉም ዛሬ ይገኛሉ። «ጃንደረባው» ከክርስቶስ ልደት በፊት በ161 ዓመት ሲታይ ሕዝቡ እጅግ ስለ ወደደው ተደግሞ የታየ ሲሆን፣ 8 ሺህ ሴስተርስ ተከፍሎበታል። ከዚያ በፊት ለአንድ ኮሜዲ ይህን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

«ሮማ ደግሞ ለጎንደር ምኗ ነው?» ያሉን አሉ፤ አልተሳሳቱም። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማችንን ይዞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ሲቀመጥባት፣ የሚፎክረው በጥንታዊት ሮማ ስም ነበር። እኛ የምናመጣው ግን በዚያችው ሮማ በባርነት የኖረውን አፍሪቃዊ ነው። ደግሞም የአማርኛ ቴአትር በር የከፈተው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» እንስሳቱን የወሰደው ከላ ፎንቴን ተረቶች ሲሆን፣ ላ ፎንቴንም ከኤዞጵና ከፌድሩስ ቀድቷል። ፌድሩስም በሮማ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው ነው። እንግዲህ ዝምድናው ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአቴና ከተማ ታይስ የምትባል ጋለሞታ ሁለት ወዳጆች አሏት። አንደኛው ጉረኛው ወታደር ትራሶ፣ ፓምፊላ የምትባል ልጃገረድ ገዝቶ ይሰጣታል። ሁለተኛው ወጣቱ ፌድሪያ፣ አንድ ጃንደረባና አንዲት ኢትዮጵያዊት ገረድ በ20 ምናን ገዝቶ ያበረክትላታል። የፌድሪያ ታናሽ ወንድም ኬሬያ ፓምፊላን በመንገድ አይቶ ልቡ ይጠፋል፤ የጃንደረባውን ልብስ ለብሶም ታይስ ቤት ይገባና ልጅቱን በግድ ይደፍራታል። በኋላ ፓምፊላ የጨዋ ልጅ፣ የአቴና ተወላጅ መሆኗ ይታወቃል፤ ኬሬያ ያገባታል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል።

ለትራሶ ሰው አናጣም። ሽለላና ፉከራ የሚያውቅ ልጅ በዚህ አገር መቼ ጠፍቶ! ችግሩ ሌላ ነው፤ ፉከራው ካማረ ተመልካቹ እልል ብሎ አብሮ ይነሣል፣ ቀልዱም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የምንፈልገው ከልቡ ፎክሮ ሕዝቡን ካስነሣ በኋላ፣ የታይስን ቤት ለመክበብ ሠራዊቱን ሲያሰልፍ (ሠራዊቱ ውስጥ ወጥ ቤትም አለበት) ራሱን ከሰልፉ ኋላ በእርጋታ የሚያቆም ልጅ ነው። አሽቃባጩ ግናቶ ደግሞ ሽንገላን እንደ ቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር ሰብስቦ ለማስተማር የሚያስብ ሰው ነውና፣ ምላሰ ርቱዕ ይሻል። የሮማውያን ኮሜዲ አብዛኛው በዋሽንት መሰል መሣሪያ የሚታጀብ ነበር፤ ለቴሬንስ ዜማውን ያወጣለት ፍላኩስ የሚባል ባሪያ ነው። እኛ በዋሽንቱ ፈንታ መሰንቆ እናስገባለን።

በሮማ የሴቶቹን ድርሻ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በእኛም አገር እነ አስናቀች ወርቁ መድረኩን እስኪረግጡ ድረስ እንደዚያው ነበር። እኛ በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋንም፤ ሴት በሴት ትጫወታለች።

ክርክሩ የተነሣው በኢትዮጵያዊቱ ገረድ ነው። እርስዋ በመድረኩ ላይ ታልፋለች እንጂ አንድ ቃል አትናገርም፤ ስምም የላትም። ወታደሩ ከፊቷ ቆሞ ዋጋዋን በሦስት ምናን ይገምታል፤ አሽቃባጩ ያንኑም ያበዛዋል። ለዚህች ድርሻ ማን ትሁን ሲባል፣ ከመካከላችን አንዱ ወዲያው «ጠቆር ያለችዋን እንስጣት» አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ጉዳዩ የታወቀ መስሎት ነው። እኛም ወዲያው አልተቃወምነውም፤ ይህን አለመናገር ሐሰት ይሆንብናል።

ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ማለታቸው ነበር። ስሙን ግን የወረስነው እኛ ሁላችን ነን፤ ከቅላቱም ከጥቁረቱም። በቴሬንስ ተመልካች ዓይን ያች ልጅ ከዚህ አዳራሽ ማንኛችንንም ልትሆን ትችላለች። በሮማ ብቻም አንፍረድ። በ19ኛው መቶ ዓመት በመተማ ገበያ በኩል ወደ ሱዳን ሲነዱ የነበሩት ሰዎች በዚሁ በእኛ ምድር ያለፉ ናቸው፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው። ባሪያይቱን በቆዳ ከመረጥን በመድረክ የምናሳየው የሮማን ነውር ሳይሆን የራሳችንን ይሆናል። ስለዚህ መልክ አይታይም፤ የምትመረጠው በዝምታዋ አዳራሹን ዝም የምታሰኝ ናት።

ፓምፊላም ቃል የላትም። ልብሷ ተቀዶ እያለቀሰች መገኘቷን የምንሰማው ከገረዲቱ ከፒቲያስ አፍ ነው። ኬሬያ ግን በጃንደረባ ልብስ ብቅ ብሎ ያደረገውን ለጓደኛው በደስታ ያወራል፤ ሮማውያንም የሳቁ ይመስላል። በጎንደር አዳራሽ ደግሞ ጠለፋ ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ያልተማሩ እናቶች ይቀመጣሉ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን በሕግ ካገባ ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር፤ ያ ቀዳዳ የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። የቴሬንስ መጨረሻ ለእኛ ሩቅ ተረት አይደለም።

«ለኬሬያ ፊቱ የሚያስፈራ ልጅ ፈልጉ» ያሉን ነበሩ። አልተቀበልነውም። በደጋው የሚጠልፈው ሽፍታ ብቻ መቼ ሆነና! ኋላ ሽማግሌ የሚላክለት፣ የጎረቤት ጨዋ ልጅ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምንወደውን፣ ገና ብቅ ሲል የሚያስቀንን ልጅ መርጠናል፤ እሱም ከብዙ ማመንታት በኋላ እሺ ብሏል። እሱ ያን ሲያወራ በድርሰቱ የተዘጋውን የታይስን በር እኛ እንከፍተዋለን፤ ፓምፊላና ኢትዮጵያዊቱ ገረድ በደፉ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ከቃሉ ላይ አንዳች አልጨመርንም።

ሁለቱ የሚያጠኑት ቃል ስለሌላቸው የሌሎቹን ሁሉ ያጠናሉ፤ ልምምድም ሲጀመር አስቀድመው የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ለትራሶ ብዙዎች ተመዝግበዋል፤ ለፓምፊላም ሁለት እኅቶች ቀርበዋል። ለኢትዮጵያዊቱ ግን እስከዛሬ ጠዋት ድረስ አንዲትም አልተመዘገበችም። መዝገቡ ከንግግሩ በኋላ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል።