ሀና ማርያም ቤት ለመግዛት
አቅራቢ 1፦ ወንድሜ፣ አንተ አዲስ አበባ፣ ሀና ማርያም ሰፈር ውስጥ ቤት ታሻሽጣለህ። ገዢ መጀመሪያ ምን ይጠይቅሃል?

አቅራቢ 2፦ ዋጋና ካሬ። እኔ ግን ግቢው ከመታየቱ በፊት የይዞታ ካርታው ይታይ እላለሁ። ሰኔ 2008 ዓ.ም. እዚሁ ሰፈር ያለፈቃድ ተሠሩ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። መሬቱን ከአርሶ አደር ገዝተን ነው የሠራነው ያሉ ነዋሪዎች ብዙ ነበሩ። ያንን እያስታወስኩ ካርታ የሌለውን ቤት ለማንም አላሳይም።

አቅራቢ 1፦ ሰው ግን «ውል አለን፣ ምስክርም አለን» ይላል እኮ።

አቅራቢ 2፦ አይበቃም፣ እህቴ! የከተማ መሬት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። የቤት ሽያጭ ውል ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ያዛል።

አቅራቢ 1፦ ካርታው ላይ ምኑን ታያለህ?

አቅራቢ 2፦ ስሙን ከሻጩ መታወቂያ ጋር አስተያያለሁ። ከዚያ ሜትር ይዤ አጥሩን እለካለሁ፤ ካርታው 150 ካሬ ብሎ ግቢው 180 ከሆነ ትርፉ ነገ ጣጣ ያመጣል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም ሁለቱም ይፈርሙ።

አቅራቢ 1፦ ጎረቤትስ?

አቅራቢ 2፦ የእድሩን ሰዎች ጠይቁ። ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ክረምት ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመሬት ጽሕፈት ቤት አጣሩ።