ስለ ሰውነት ብርታትና ስለ ልብ ጽናት የተደረገ ንግግር



ወንድነት በክንድና በእግር ብርታት ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን እግር በደከመ ጊዜ የሚቀረው የልብ ጽናት ነው።

ለዚህም ምስክር አበበ ቢቂላ ነው። በ1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው በቶኪዮ ዳግመኛ ድል አደረገ። በ1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱም ተስፋ ሳይቆርጥ በ1962 ዓ.ም. ባለመንኰራኵር ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ በእንግሊዝ አገር አካላቸው የተጎዳ ሰዎች በሚወዳደሩበት ጨዋታ ቀስት በመወርወር ተወዳደረ። የፊተኛው የእግሩ ሥራ ነበረ፤ የኋለኛው ግን የልቡ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችሁን በየቀኑ ከትምህርት በፊት ጥቂት አስሩጧቸው። የቀደመውን ብቻ ሳይሆን ኋላ ቀርቶ ሳያቋርጥ የደረሰውንም አመስግኑ። አካሉ የጎደለውንም ልጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተመልካች አድርጋችሁ አታስቀምጡት፤ እጁ የሚችለውን ጨዋታ ስጡት። እግሩ ቢታሰር ልቡ አልታሰረምና።