ከሥልጣን ወንበር ወደ እርቅ ሸንጎ፦ የጁሊየስ ኔሬሬ የመጨረሻ ሥራ



በአገራችን የሽምግልና ልማድ መሠረት አስታራቂ የሚሆን ሰው ሁለት ነገሮችን እንዲያሟላ ይጠበቃል፤ ቃሉ የሚሰማ፣ ልቡም የማያዳላ መሆን አለበት። ከፍተኛ ሥልጣን ይዞ የቆየ ሰው ወደ አስታራቂነት ሲዛወር ግን እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ቃሉን ያስከበረለት ያለፈ ሥራው፣ አያዳላም ተብሎ እንዳይታመን ያደርገዋልና። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ጉዳይ ከቀድሞው የታንዛንያ ፕሬዚዳንት ከጁሊየስ ኔሬሬ የመጨረሻ ሥራ፣ ማለትም ከቡሩንዲ የሰላም ድርድር አንጻር መመርመር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኔሬሬ በ1922 በቡቲያማ ተወልደው በመምህርነት ሥራ ከቆዩ በኋላ፣ በ1954 በተቋቋመው የታንጋኒካ አፍሪካዊ ብሔራዊ ኅብረት መሪነት አገራቸውን በ1961 ለነፃነት አብቅተዋል። «ምዋሊሙ»፣ ማለትም «መምህር» የሚለው መጠሪያ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም። በ1963 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ የነፃ አውጪ ኮሚቴውን መቀመጫ ዳሬ ሰላም ያደረገው በእርሳቸው ዘመን ነው። በ1968 ለቢያፍራ እውቅና ሰጡ፤ በ1979 ደግሞ ሠራዊታቸው ካምፓላ ገብቶ የኢዲ አሚንን አገዛዝ ጣለ። ስለዚህ ኔሬሬ በሥልጣን ዘመናቸው ከጠብ ራቅ ብለው የሚመለከቱ ሰው አልነበሩም፤ ወገን ለይተው የሚቆሙ መሪ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1985 ፕሬዚዳንትነታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው መልቀቃቸው፣ በጊዜው በአህጉሩ ብዙ ያልተለመደ ተግባር በመሆኑ፣ ታላቅ ክብር አስገኝቶላቸዋል።

በቡሩንዲ በሰኔ 1993 በሕዝብ የተመረጡት የመጀመሪያው የሁቱ ፕሬዚዳንት ሜልኪዮር ንዳዳዬ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት በወታደሮች ተገደሉ። ሠራዊቱ በአብዛኛው በቱትሲዎች እጅ ነበር፤ የሕዝቡ ብዛት ግን የሁቱዎች ነው። ከዚያ በኋላ በተነሣው ጦርነት በጠቅላላው ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ኔሬሬ በ1996 ድርድሩን በምዋንዛ ጀመሩ፤ ነገር ግን በሐምሌ ወር ፒየር ቡዮያ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። የጎረቤት አገሮች መሪዎችም ወዲያው በአሩሻ ተሰብስበው በቡሩንዲ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣሉ፤ ኔሬሬም ማዕቀቡን ደገፉ።

ጥርጣሬው የተባባሰው በዚህ ምክንያት ነው። ታንዛንያ ከ1972 ጀምሮ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቡሩንዲያውያን ስደተኞችን ተቀብላለች፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሁቱዎች ነበሩ። የቡዮያ መንግሥትና የቱትሲ ፓርቲዎች «አስታራቂው ያዳላል» ሲሉ፣ ክሱ ምክንያት ለመፍጠር ብቻ የቀረበ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በማዕቀብ የሚያስገድድና በሸንጎ የሚያስታርቅ አንድ ሰው ሲሆን፣ ተገዳጁ ወገን ቢጠራጠር አያስገርምም። በሌላ በኩል መንግሥቱን ወደ ድርድር ከገፉት ነገሮች አንዱ ይኸው ማዕቀብ መሆኑ አይካድም። ማዕቀቡ የታገደው በጥር 1999 ነው።

ድርድሩ በሰኔ 1998 በአሩሻ ሲከፈት 17 የልዑካን ቡድኖች ቀርበዋል፤ ቁጥሩ ኋላ 19 ደርሷል። ኔሬሬ ይህን ሁሉ ወገን በኮሚቴዎች ከፋፍለው አሠሩት። አንደኛው ኮሚቴ የተሰጠው ሥራ የሥልጣን ክፍፍል ሳይሆን የግጭቱን ባሕርይ፣ ማለትም ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ መመርመር ነበር። አካሄዱ አዝጋሚ ነው ተብሎ ተነቅፏል። ሆኖም ኔሬሬ ጥቅምት 14 ቀን 1999 በለንደን ሲያርፉ፣ ሸንጎው አብሯቸው አልተቀበረም። በታኅሣሥ የተተኩት ኔልሰን ማንዴላ ሥራውን ከነኮሚቴዎቹ ተረክበው፣ የአሩሻው ስምምነት ነሐሴ 28 ቀን 2000 ተፈረመ።

ጉድለቱም እዚሁ ላይ ይታያል። ጦር ሜዳ ላይ የነበሩት ዋነኞቹ ታጣቂዎች ከሸንጎው ውጭ ስለነበሩ፣ ውሉ የተፈረመው ያለ ተኩስ አቁም ነው። ትልቁ የታጠቀ ቡድን ተኩስ ለማቆም የፈረመው በታኅሣሥ 2002፣ ሌላው ደግሞ በ2006 ነው። በመካከሉ፣ በ2003፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች ከደቡብ አፍሪካና ከሞዛምቢክ ወታደሮች ጋር በአፍሪካ ኅብረት ስም ቡሩንዲ ዘምተዋል። ሸንጎው ያልጨረሰውን ሥራ ወታደር እንዲጠብቀው ሆነ ማለት ነው።

የስምምነቱ ፍሬ ግን ቀላል አልነበረም። የ2005ቱ ሕገ መንግሥት በብሔራዊ ሸንጎ ለሁቱዎች 60፣ ለቱትሲዎች 40 ከመቶ መቀመጫ ሰጥቷል፤ በሠራዊቱም ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ከግማሽ በላይ እንዳይሆን ደንግጓል። በ2015 ፕሬዚዳንት ፒየር ንኩሩንዚዛ ለሦስተኛ ጊዜ እንወዳደራለን ሲሉ፣ አደባባይ የወጡት ተቃዋሚዎች የጠቀሱት የአሩሻው ውል ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ የሚከለክለውን አንቀጽ ነበር። ሰልፉ በኃይል ተበተነ፤ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እንደገና ተሰደደ፤ ታንዛንያም እንደ ቀድሞው ስደተኞችን ተቀበለች።

በልማዳችን እርቅ ያለ ዋስ አይጸናም። የአሩሻው ውል አምስተኛ ክፍልም ስለ ዋስትና የሚናገር ነው። ኔሬሬ ከሥልጣን ዘመናቸው ያመጡት ክብር የሸንጎውን በር ለመክፈት በቅቷል፤ ሸንጎውም ከእርሳቸው በኋላ ቆሟል። ዋስትናው ግን ከሰዎቹ ስም አልፎ ጽኑ ሥርዓት አልሆነም። እንግዲህ የቀድሞ መሪ ለአስታራቂነት በታጨ ቁጥር፣ ስለ ስሙ ታላቅነት ከመነጋገር በፊት ሁለት ጥያቄዎች ይነሡ፤ ጠመንጃ የያዘው ሁሉ በሸንጎው ተቀምጧልን? አስታራቂው በሌለበት ቀን ዋሱ ማን ነው?