ስለ ባሮ ወንዝ የመርከብ ንግድ የተደረገ ንግግር



በመቱ፣ በጎሬና በቡሬ በየዕድሩ እየተገኘን ስለ ባሮ መርከቦች ስንናገር እንዲህ እንል ነበር፤ በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋራ በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላም ወደብ ሆነች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር።

በጎሬ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፤ መርከቡን ነገራችሁን፤ ቡናውን ከደጋው እስከ ወንዙ ያወረደውንስ ሰው?» አሉን። አባታቸው በዚያ መንገድ አጋሰስ ይነዱ ኖሯል። መልስ አጥተን አፈርን።

ከዚያ ወዲህ ከቁልቁለቱ መንገድ ጀምረን ወደ መርከቡ እንወርዳለን፤ ተናግረንም ስናበቃ ተቀምጠን እንሰማለን። እናንተም አያቶቻችሁን ጠይቁ።