በአሮጌ ቮልስ የላስታን ቁልቁለት

እሷ፦ በድልብ አድርገህ ወደ ኩልመስክ፣ ከዚያም ላሊበላ፣ በዚያ አሮጌ ቮልስ ልትሄድ ነው አሉ?

እሱ፦ አትሳቂ! ጃንሆይም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው።

እሷ፦ የላስታን ቁልቁለት ግን አልወረዱበትም።

እሱ፦ እሱስ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ቮልስ ፍሬኑ ለአራቱም ጎማ አንድ መስመር ነው። አንዱ ጋ ዘይት ካፈሰሰ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ የሚተርፍሽ የእጅ ፍሬን ነው። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ማስተር በባለ ሁለት መስመር መቀየር ለእኔ ግዴታ ነው።

እሷ፦ ሰርቮስ?

እሱ፦ እሱ ላይ እጠነቀቃለሁ። የእግርን ግፊት የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ክፍተትና በውጭው አየር ግፊት ልዩነት ነው። ላሊበላ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። እገዛውም አብሮ ይቀንሳል።

እሷ፦ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ የሚወርደውማ...

እሱ፦ ሁለት ሦስቴ ሲረግጥ እገዛው ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል!

እሷ፦ ማስተሩን ከየትኛውም መኪና ነቅሎ መግጠም ይቻላል?

እሱ፦ ስህተቱ እዚያ ነው። ዲያሜትሩ 19 ሚሊ ሜትር የሆነውን ማስተር በ22 ብትተኪው የፒስተኑ ስፋት በሲሶ ያድጋል። በዚያው እርግጫ ወደ ጎማ የሚደርሰው ግፊት ግን ይቀንሳል። ፔዳሉ ስለጠነከረ ብቻ ሰዉ ፍሬኑ የተሻለ ይመስለዋል።

እሷ፦ በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወርደው?

እሱ፦ በሁለተኛ፤ ሞተሩ ይዞ ፍሬኑን እንዲያሳርፍልኝ። የፍሬኑ ታምቡር ከጋለ አዲስ ማስተርም አያድንም።

እሷ፦ እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ።