ወባ የለብሽም ከተባልን በኋላ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

ከሂሳብ ክፍል ሰው ሲነሳ ቦርሳችሁን መዳበስ እንደምትጀምሩ እናውቃለን። ዛሬ መዋጮ ልንጠይቅ አልተነሳንም። የምንነጋገረው ስለ ትኩሳት ነው። ነገሩ ግን የመጣው ከመዝገቡ ነው።

በብድር መዝገባችን ላይ «ምክንያት» የምትል አምድ አለች። ለሸቀጥ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለቤት ኪራይ እየተባለ ይጻፍባታል። ዝናብ ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን «ለሕመም» የሚለው ይበዛል። የተበደረችውን ስንጠይቅ ወሬው ተመሳሳይ ነው። ድንገት ተኮሳት፣ ሰውነቷን ቆረጣጠማት፣ ጣቷን ተወግታ ተመረመረችና ወባ የለብሽም ተባለች። ከዚያ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላት። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ መድኃኒት። ሦስት ካርድ፣ ሦስት ደረሰኝ፤ የበሽታው ስም ግን የለም።

ወባ ያልሆነ ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ አይደለም። ትንኝ ከወባ ሌላ የምታስተላልፋቸው የቫይረስ በሽታዎች አሉ። በእኛ አቅጣጫ በተለይ ሁለቱን ማወቅ አለብን፤ ደንጊና ቺኩንጉንያ። ስማቸው ለጆሮ እንግዳ ይመስላል እንጂ ለአካባቢው እንግዶች አይደሉም። በአገራችን የደንጊ ወረርሽኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ ሲሆን፣ ከ11 ሺህ በላይ ሰው መታመሙ ተመዝግቧል። ብዙም ሳይቆይ በክልላችን ጎዴ ላይ ታየ። ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በዶሎ አዶ በኩል ገባ፤ ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ድሬዳዋን ቤት ለቤት አዳረሳት።

ጅግጅጋ ደጋ ቢጤ ናት፣ ድሬ ግን ቆላ ናት የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ሙቀት ለትንኟ ይመቻታል። ነገር ግን ጠዋት ከዚህ የተነሳ ሚኒባስ በሐረር በኩል አድርጎ ከምሳ በፊት ድሬ ይደርሳል። ሽንሌ የድሬ ጎረቤት ናት፤ ኤረር በባቡሩ መስመር ላይ ናት። ከቶጎ ውጫሌ ዕቃ የሚያመላልሱትም የእኛው አባላት ናቸው። ትንኟ ራሷ ሩቅ አትበርም። በሽታውን ከከተማ ከተማ የሚያደርሰው ቫይረሱን በደሙ ይዞ የሚሳፈረው ሰው ነው።

ሁለቱም ድንገት በሚነሳ ከፍተኛ ትኩሳት ይጀምራሉ። ደንጊ ራስን፣ ከዓይን ጀርባን፣ አጥንትንና ጡንቻን ያማል፤ ሽፍታም ሊያወጣ ይችላል። ቺኩንጉንያ ስሙን ያገኘው በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ከሚነገረው የማኮንዴ ቋንቋ ሲሆን መጉበጥን ያመለክታል፤ በሽተኛው በመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚጎብጥ ነው። የሚገድለው ጥቂት ሰው ነው። ሕመሙ ግን ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ በጣት፣ በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት ላይ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። በወር ደመወዝ ለምትኖር ሰው ይህ መጥፎ ነው። እንጀራና ላሆህ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ ለምታድር ደግሞ ሥራዋን ይቆማል ማለት ነው። ከመካከላችን አንዷ፣ ስሟን አንጠራም፣ ትኩሳቱ በአምስት ቀን ለቋት የሊጡን ባልዲ ማንሳት የቻለችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ምን እንደያዛት እስከ ዛሬ በወረቀት የጻፈላት የለም።

ስለ መድኃኒቱ እንምጣ፤ ገንዘባችን የሚያልቀው እዚህ ላይ ነውና። ለእነዚህ ቫይረሶች የሚታዘዝ የተለየ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፣ የቱንም ያህል ውድ ይሁን። የተለመደው የታይፎይድ የደም ምርመራም ከዚህ በፊት በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያት «አለብሽ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን ስንቀበል «ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ወይ? ደንጊ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ካርዱን የከፈልነው እኛ ነን።

ከገንዘቡ የከፋው መርፌው ነው። ቁርጥማት ሲጸናብን ወደ መድኃኒት ቤት ሄደን «ቶሎ የሚያሽር ስጡኝ» እንላለን፤ ዳይክሎፌናክ ይወጋናል፣ ወይም አይቡፕሮፌን ይሰጠናል። በሽታው ደንጊ ከሆነ እነዚህና አስፕሪን ደም የመፍሰስን አደጋ ይጨምራሉ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል በልኩ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ኦአርኤስ፣ ሾርባ፣ ዕረፍት። ዕረፍት የሚለውን ቤት ውስጥ ላሉ ወንዶችም ንገሩልን።

ብዙዎቻችን የምንዘናጋበት ሰዓት አለ። ደንጊ ሲጠና የሚጠናው አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው፤ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ። «እፎይ፣ በረደላት» ብለን ወደ ገበያ የምንሄደው በዚያው ቀን ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም፣ የሰውነት መዛልና መቀዝቀዝ፣ ሽንት መቅረት ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ቀድሞ ደንጊ የያዛት ሰው በሌላው ዓይነት ደንጊ እንደገና ስትያዝ ሊጠናባት ይችላል፤ አራት ዓይነት ነውና። ነፍሰ ጡር የሆነች ትኩሳት ሲይዛት ቤት አትተኛ። በተለይ መውለጃዋ የተቃረበ ከሆነ ቺኩንጉንያ በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ሊተላለፍ ይችላል።

አሁን ወደ ትንኟ። ይህች ቢንቢ የምትነክሰው ቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ወደ ማምሻው፣ ቡና ስናፈላ፣ ልጅ ስናጥብ። አጎበሩ ለሌሊት ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም። ቀን የሚተኛ ሕፃን በአጎበር ይተኛ። በትኩሳት የተያዘም ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቀንም በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ያለበለዚያ አንዲት ቢንቢ ከእሱ ወስዳ ቤቱን ሁሉ ታዳርሳለች።

የምትራባውም ረግረግ ውስጥ ሳይሆን ቤታችን ባለ ውሃ ነው። በርሜል፣ ክዳኑ የጠፋ ሮቶ፣ ቢርካ፣ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ ደጅ የተጣለ ጎማ። በርሜሉ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚወራጨው ትል ልጅዋ ነው። አንዷ በአንድ ጊዜ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። ግማሹ ሴት ቢሆንና ሁሉም ቢያድግ በሁለተኛው ዙር አምስት ሺህ ይሆናል። ሁሉም አያድግም፤ ግን እንዲህ ያለውን ወለድ አራጣ አበዳሪም አያገኘውም። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ በራሪ ቢንቢ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይበቃል። እንቁላሉ ከውሃው ከፍ ብሎ የዕቃው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ደርቆም ለወራት ይቆያል። ባዶውን በርሜል ፀሐይ ላይ መገልበጥ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

«ውሃውን ድፉት» የሚለውን ምክር ሰምታችኋል። ውሃ በቧንቧ በሚመጣበት አገር ጥሩ ምክር ነው። እኛ ግን ከቦቴና ከአህያ ጋሪ በጀሪካን ሒሳብ የገዛነውን አንደፋም፤ የሚያስደፋንም የለም። የሚቻለው ይህ ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን ውሃውን በንጹሕ ነጠላ ወይም በገርባሳር አጥልሎ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር፣ በርሜሉን ከውስጥ በብሩሽ እስከ አፉ ድረስ ፈግፍጎ ማጠብ፣ ውሃውን መልሶ አፉን በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር። ከጠቀስነው የወለድ ስሌት አንጻር ሳምንቱ መዝለል የለበትም። እንግዲህ ውሃ ቢጠፋ ጥፋቱ የበርሜሉ ባለቤት አይደለም፤ ውሃ ማስቀመጥ የግድ የሆነበት ከተማ የውሃ ጥያቄም አለበት። እሱን በሌላ ስብሰባ እናነሳዋለን።

ይህ ሥራ ለወባም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እንደዚሁ በበርሜልና በቢርካ ውሃ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያጠቃው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ወባ የገጠር ነው የሚባለው ዘመን አልፏል።

ከሂሳብ ክፍል ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መተዳደሪያ ደንባችን ክፍያ ያዘገየች አባል ቅጣት ትክፈል ይላል። በመገጣጠሚያ ሕመም ሥራ ላቆመች አባል ቅጣቱ ለሦስት ወር እንዲቆምላት ድምፅ እንድትሰጡበት እንጠይቃለን። ዋናውን ብድር አልነካነውም፤ ገንዘቡ የሁላችሁም ነው።

ሁለተኛ፣ «ለሕመም» ከሚለው ጎን ሰፈርና ቀን እንጻፍ። በአንድ ሳምንት ከአንድ ሰፈር ሦስት የትኩሳት ብድር ከመጣ ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚያው ቀን እንናገር። የቫይረሱ ናሙና አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሊላክ የሚችለው አንድ ሰው ቀድሞ «እዚህ ትኩሳት በዝቷል» ሲል ነው። የእኛ መዝገብ ያንን ከብዙ ቢሮ ቀድሞ ያያል። የማንም ስም አይወጣም፣ ሰፈሩ ብቻ።

ሦስተኛው ትንሽ ነገር ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ጎሚስታ ደጁ ላይ የከመራቸው አሮጌ ጎማዎች ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ ይቋጥራሉ። ከጣራ ሥር እንዲያስገባቸው ወይም በሸራ እንዲሸፍናቸው የሚያነጋግሩት ሁለት ሰዎች እንፈልጋለን። ሶማሊኛም አማርኛም የሚችሉ፣ ቀልድም የሚያውቁ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ግን ይቆጣል።