ስለ ሰርቨር የጋራ ማስታወሻ ወሰን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የቀድሞ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በሥራ ዓለም ካየሁት አንድ ነገር እንድነግራችሁ በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ትልቅ ጉዳይ መናገር አምሮኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ በሰው ፊት ያሳፈረችኝን አንዲት ቁጥር መረጥሁ።

ጊዜው መስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። በዚሁ በባሕር ዳር፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የተማሪዎች ውጤት የሚቀመጥበትን ሰርቨር እጠብቅ ነበር። ማሽኑ ያረጀ ሲሆን በሊኑክስ ይሠራል፤ ዳታቤዙም ፖስትግሬስኪውኤል ነበረ። የምዝገባ ሰሞን ሲደርስ የአንድ ተማሪ ውጤት ለማውጣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ስለ ነበር፣ ራሙ ከ2 ጊጋባይት ወደ 4 ጊጋባይት ከፍ እንዲል ገንዘብ ተፈቀደ። ተገዛ፤ ተገጠመ፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። ገንዘቡ ምን ፈየደ ተብዬ ስጠየቅ የምመልሰው አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ለተገናኘው ሰው ሁሉ ለየብቻው አንድ ፕሮሰስ ያስነሣለታል። ሠላሳ ጸሐፊዎች ቢገናኙ ሠላሳ ፕሮሰሶች ይነሣሉ። እነዚህ ሁሉ ከዲስክ ያነበቡትን ገጽ በየግላቸው ቢይዙ ብክነት ከመሆኑም በላይ አንዱ የለወጠውን ሌላው አያየውም። ስለዚህ ሁሉም በአንድነት የሚቀርቡበት ገበታ ይዘረጋላቸዋል፤ እርሱም የጋራ ማስታወሻ፣ በባለሙያዎች አነጋገር ሼርድ ሜሞሪ ይባላል። ገበታውን የሚሰጠው ከርነሉ ነው። ከርነሉም በአንድ ጊዜ ከዚህ በላይ አልሰጥም የሚልበት ወሰን አለው፤ ስሙ ሽምማክስ ነው። በቀድሞው የሊኑክስ ከርነል ይህ ወሰን፣ ሰው ካልለወጠው በቀር፣ 33,554,432 ባይት ማለት 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር።

እናንተ የጣና ልጆች ናችሁና በቶሎ ይገባችኋል። ሐይቁ ቢሞላም በበጋ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ውሃ የሚወስኑት የጨረጨራ በሮች ናቸው። በሮቹ ተዘግተው ሳለ ሐይቁ ውሃ ቢጨመርበት የጢስ ዓባይን ተርባይን አያዞርም። እኛም የገዛነው ውሃ ነበር፤ በሩን አልነካነውም።

ወሰኑ ግን በከንቱ የተደረገ አይደለም። የጥንቱ ዩኒክስ የጋራ ማስታወሻ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ፕሮግራሙ ቢሞትም የያዘውን ቦታ አይለቅም። አስተዳዳሪው አይፒሲኤስ በተባለ ትእዛዝ ፈልጎ፣ አይፒሲአርኤም በተባለው እስኪያጠፋው ድረስ ባለቤት እንደሌለው ታንኳ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ማስታወሻ ውድ በነበረበት ዘመን ይህን መፍራት ተገቢ ነበር።

እኔም ነገሩ ሲገባኝ የዳታቤዙን ድርሻ 1 ጊጋባይት አደረግሁ፤ ይኸውም የራሙ ሩብ ነው። ዳታቤዙ ግን አልነሣም አለ። ሽምማክስን ወደ 1,200,000,000 ባይት ከፍ አደረግሁ፤ ትርፉ ያስፈለገው ገበታው ከገጾቹ ሌላ የቁልፎችንና የተገናኙትን ሰዎች መዝገብም ስለሚይዝ ነው። ወዲያው ተነሣ። ሽማል የሚባል የጠቅላላ ድምር ወሰን ደግሞ አለ፤ እርሱ የሚቆጠረው በባይት ሳይሆን ባለ 4,096 ባይት በሆኑ ገጾች ስለሆነ ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ሰው አሳስቷል። በእኛ ማሽን በቂ ስለ ነበር አልነካሁትም። አንድ ባልደረባዬ «ለምን 3 ጊጋባይት አናደርገውም?» አለኝ። ያን ብናደርግ ለቀሩት ሥራዎች የሚሆን ቦታ ይጠፋና ማሽኑ ማስታወሻውን ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፤ ያኔ ከበፊቱም ይዘገያል።

አሁን ወደ ኀፍረቴ ልምጣ። ቁጥሩን የለወጥሁት በትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ሲስሲቲኤል በሚባለው የቋሚ መመሪያ ፋይል ውስጥ አልጻፍሁትም። ከሦስት ቀን በኋላ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጧት ማሽኑ ሲነሣ ከርነሉ ወደ ጥንቷ 32 ሜጋባይት ተመልሶ፣ ዳታቤዙ እንደ ገና እንቢ አለ። በመስኮቱ ፊት ሰልፍ ነበረ፤ ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ አባት የልጃቸውን ውጤት ይጠብቃሉ። «ልጄ፣ የማታው ጀልባ ሳይሄድ ይደርስልኝ ይሆን?» አሉኝ። እኔ ግን የስሕተቱን መልእክት እያነበብሁ ዲስኩ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ሰዓት ፈጀሁ፤ መልእክቱ የሚለው የተሰጠው ዋጋ ልክ አይደለም ብቻ ነውና። መድኃኒቱ በፋይሉ ውስጥ የምትጻፍ አንዲት መስመር ነበረች። አባትዬው ወረቀታቸውን ይዘው ከቀትር በፊት ወደ ወደቡ ወረዱ።

ፖስትግሬስኪውኤል በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው 9.3 በተባለው እትሙ የጋራ ማስታወሻውን በሌላ መንገድ መጠየቅ ስለ ጀመረ ይህ ችግር ቀለለ። የሊኑክስ ከርነልም በ2014 እ.ኤ.አ. በ3.16 እትሙ ወሰኑን እጅግ ከፍ አደረገው። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ ከዚያ በፊት የተተከሉ ማሽኖች አይታጡም።

መምህራኑ ከፈቀዱ፣ ከሻይ በኋላ የኮምፒዩተር ክፍሉን አሮጌ ማሽን አብረን እናስነሣውና የእርሱ ቁጥር ስንት እንደሆነ እናያለን።